ቡችላችሁ ለምን ይደበቃል? ለምን ያጉረመርማል?

ከአንዲት ውሻ የተወለዱ ቡችሎች እንኳ ፀባያቸው ለየቅል ነው። አንዱ እንግዳ ሲመጣ ሮጦ እግር ይልሳል፤ ሌላው ከአልጋ ስር አይወጣም። ከዘሩ የሚመጣ ፀባይ አለ። ግን ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያየውና የሰማው ነገር ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ጎጃም ውስጥ ብዙ ቡችላ ልክ በዚህ ዕድሜው ከእናቱ ተወስዶ ጓሮ ይታሰራል። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይደበቃል፣ ይንቀጠቀጣል

መጀመሪያ ዕድሜውን ቁጠሩ። ከ8 እስከ 10 ሳምንት ገደማ ደፋር የነበረውም ድንገት የሚፈራበት ጊዜ አለ። ጎትታችሁ አታውጡት፤ ይብስበታል። ራቅ ብላችሁ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። አትዩት። ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ጣል አድርጉለትና ራሱ ይምጣ። እግሮቹ መሃል የሸጎጠውን ጅራት ሲለቅ ደረቱን ዳበስ አድርጉት። ከላይ ወደ ጭንቅላቱ የሚመጣ እጅ ያስደነግጠዋል።

ነሐሴ ላይ ደግሞ የቡሄ ጅራፍ አለ። ለልጆቹ ደስታ ነው፣ ለቡችላው ግን መብረቅ ነው። ሰሞኑን ቤት አስገቡት። ጅራፉ ከሩቅ በጮኸ ቁጥር የሚወደውን ምግብ ስጡት። ልጆቹም አጠገቡ እንዳያጮሁ ንገሯቸው።

ያጉረመርማል

"ይሄማ ጥሩ ዘበኛ ይወጣዋል" ይባላል። እኔ በዚህ ጨርሶ አልስማማም። በዚህ ዕድሜው የሚያጉረመርም ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ነው። ከመታችሁት ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። ያን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይለምዳል።

የሚያጉረመርመው ምግቡ ላይ ከሆነ ከወንድሞቹ ጋር ተሻምቶ ስላደገ ይሆናል። ሳህኑን አትቀሙት፤ እየበላ ሳለ የተሻለ ነገር ጨምሩለት። ጋቢ በለበሰ፣ ዱላ በያዘ ወይም ጃንጥላ በዘረጋ ሰው ላይ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሰው አላየም ማለት ነው። በገበያ ቀን ታቅፋችሁት በር ላይ ተቀመጡ። ክትባቱን ሳይጨርስ ሌሎች ውሾች የሚጸዳዱበት ቦታ አታውርዱት፤ ፓርቮ የሚባለው የውሾች ተላላፊ በሽታ ቡችላን ቶሎ ይገድላል።

እጅና ነጠላ ይነክሳል

ይሄ ቀላል ነው። ከ8 ሳምንት በፊት ከእናቱ የተለየ ቡችላ አነካከሱን የሚያርሙለት ወንድሞች አላገኘም። ሲነክስ ጨዋታውን አቁማችሁ ተነሱ። የሚያኝከው ገመድ ስጡት።

ፀባዩ በድንገት ተለወጠ

ምራቁ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ከነከሰ ነገሩ የፀባይ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና አትንኩት፤ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ቡችላችሁንም 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት።