ትልቅ የቤተሰብ ድንኳን በድሬና በሐረር መንገድ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ቤተሰቡን በመኪና ጭነን ውጭ የምናድረው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ነው፤ ለታህሣሥ 19 ቁልቢ፣ አንዳንዴ ወደ ባቢሌ፣ ሙቀቱ ሲበረታብን ደግሞ ደንገጎን ወጥተን ነፋስ ወዳለበት። እስካሁን ሦስት ድንኳን ገዝቻለሁ፤ ሁለቱን ሳላውቅ ነው የገዛሁት። እዚህ የጻፍኩት እየገጠመን የተማርነውን ነው፦ ምን ታያላችሁ፣ ከምን ይመጣል፣ ለዛሬ ማታ ምን ይደረጋል፣ ሌላ ስትገዙ ደግሞ ምን ታያላችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር 1,885 ሜትር ላይ። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ከካኔቴራ ወደ ጋቢ ትሻገራላችሁ። አንዱ ድንኳን ሁለቱንም መቻል አለበት። ሻጭ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዝናብ ነው። እኔን ግን ከዝናብ ይልቅ ያስቸገሩኝ ሙቀት፣ ነፋስና አሸዋ ናቸው።

«የ8 ሰው» ተብሎ ስድስት ሰው አልያዘም

ሻጩ አልዋሸም። ቁጥሩ የሚሰላው እያንዳንዱ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይዞ፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ሻንጣና ጫማውን ውጭ ትቶ እንደሚተኛ ታስቦ ነው። እኛ ደግሞ ፍራሽ ይዘን ነው የምንሄደው። «የ4 ሰው» የሚባለው መኝታ ክፍል ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ከ40 ያህል ስፋት ስላለው ባለ 1 ሜትር ከ20 ስፖንጅ ሁለቱ ልክ የሚገባበት ይመስላል። ዘርግታችሁ ስታዩት ግን ግድግዳው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ የዳሩ ፍራሽ ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ የተገፋው ጨርቅ ከላይኛው ሽፋን ጋር ይነካካል፣ እርጥበቱም ወደ ውስጥ ይመጣል። የመጀመሪያው ሌሊት አማቴ በግድግዳው በኩል ተኝተው ጠዋት ጋቢያቸው በአንድ ጎኑ ርሶ ተነሱ። «ልጄ፣ ሌሊት ዘንቦ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ጠብ አላለም ነበር።

ለዛሬ ማታ ሻንጣውን በሙሉ ወደ መኪናው መልሱ፤ ትንንሽ ልጆችን በአንድ ፍራሽ ላይ በአግድም አስተኟቸው፣ ሦስት ይይዛል። ስትገዙ ደግሞ የተጻፈውን ቁጥር ለሁለት አካፍሉና አንድ ጨምሩ፤ 8 ካለ ለ5 ሰው ነው። ከሁሉም የሚሻለው የመኝታ ክፍሉን ስፋት በሜትር መጠየቅ ነው። ሦስተኛውን ስገዛ የፍራሻችንን ልክ ሲባጎ ላይ ቋጥሬ ይዤ ሄድኩ። ሻጩ ስቆብኛል፤ ከዘረጋው አራት ድንኳን ውስጥ ግን ሁለቱን የጣልናቸው በዚያ ሲባጎ ነው።

ከሰዓት በኋላ ውስጡ እንደ ምጣድ ይግላል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ ጨርቁ ባለ አንድ ድርብ ስስ ፖሊስተር ነው፣ መስኮቶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ናቸው፣ ከታች አየር የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ትኩስ አየር ከላይ እንዲወጣ ቀዝቃዛው ከታች መግባት አለበት። ከላይ ብቻ መክፈት ዋጋ የለውም።

ድንኳኑን ከ11 ሰዓት በፊት አትትከሉ። የግድ ከሆነ ከጣራው በላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍተት ትታችሁ ሸራ ወጥሩ። ሸራው ጣራውን ከነካ ሙቀቱን ያስተላልፈዋል፤ ጥቅሙ በመካከል በሚያልፈው አየር ነው። የግራር ጥላ ካገኛችሁ ጥሩ፣ ግን መጀመሪያ መሬቱን በቅጠል ጥረጉ፤ የወለላችንን ሁለት ቀዳዳ የሰራው እሾህ ነው።

ለግዢ፦ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት በሮች፣ የውስጠኛው ክፍል የላይኛው ግማሽ ወንፊት፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም። አቅም ያለው ሰው ጥጥና ፖሊስተር የተቀላቀለበትን ቢገዛ እመርጣለሁ፤ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱም ይለያል። ከባድ ነው፣ ሁለት ሰው ነው የሚያነሳው፤ የሚሸከመው ግን መኪናው ነው። ከራሰ ግን በደንብ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት፣ ይሻግታል።

የወንፊቱን ነገር በድሬ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በ2014 ዓ.ም. ከተማችን የገጠማት የወባ ወረርሽኝ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከምትባለው አዲስ የወባ ትንኝ ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህቺ ትንኝ በየግቢው በሚጠራቀም የበርሜልና የገንዳ ውሃ ውስጥ ትራባለች። የተቀደደ ወንፊት ላይ ከአሮጌ አጎበር ቆርጣችሁ ስፉበት።

የመጀመሪያው ድንኳኔ ያለቀው በጉዞ አይደለም። ልጆቹ ይጫወቱበት ብዬ ግቢ ውስጥ ሁለት ወር ተከልኩት። የድሬ ፀሐይ ጨርቁን በላው፤ ስንነቅለው እንደ ጋዜጣ ይቀደድ ነበር። ማደሪያ ድንኳን ዳስ አይደለም።

ነፋስ ሲነሳ ካስማው ይነቀላል

ከድንኳኑ ጋር የሚመጣው ካስማ ከወፍራም ሽቦ የተሻለ አይደለም። ቆላ አሸዋ ላይ እንደ መርፌ ከጥጥ ይወጣል፤ ደጋው ጠጣር መሬት ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ምት ይታጠፋል። ለሁለት ዓይነት መሬት ሁለት ዓይነት መያዣ ያስፈልጋል።

ለጠጣሩ፦ ብየዳ ቤት ሄጄ 10 ሚሊ ፌሮ በ40 ሳንቲ ሜትር አስቆርጬ አንገቱን አስጎበጥኩ፤ አሥራ ሁለት ነው፣ እስካሁን አንድም አልታጠፈ። ጫፉን በሞላ አስሞርዱት፣ አለዚያ የተሸከመበትን ከረጢት ይበሳል። ሲመታ ቀጥ ብሎ አይግባ፤ ራሱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ ያዘንብል፣ ገመዱ ሲስበው መሬቱ እንዲይዘው።

ለአሸዋው፦ ባዶ ማዳበሪያ አሸዋ ሙሉና ወገቡን በገመዱ እሰሩት፤ ጉልበት ድረስ ቆፍራችሁ በአግድም ቅበሩት፣ ከላይ መልሳችሁ ርገጡት። አራቱን ጥግ እንዲህ ካደረጋችሁ አሸዋው ራሱ ያቆመዋል። ብዙ ሰው 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ያስራል። ለቀላል ነፋስ ይሆናል፤ ለከባዱ ግን ጀሪካኑ ራሱ ይንሸራተታል።

ሌላው ምክንያት አቀማመጥ ነው። ትልቅ ድንኳን የምንወደው ቆመን ልብስ ስለምንቀይርበት ነው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለና ሁለት ሜትር የሚሆን ግን ለነፋስ ደረቱን የሰጠ ነው። ጠባቡን ጎን ወደ ነፋሱ አዙሩ። አቅጣጫው ካልገባችሁ የጎረቤት ጭስ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። መኪናውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሙት፤ ግማሹን ይሰብርላችኋል። አቦ፣ ገመዱን ግን መኪናው ላይ አትሰሩ! ጠዋት ዳቦ ልግዛ ብሎ ሞተር አስነስቶ ከነድንኳኑ የተንቀሳቀሰ ዘመድ አለኝ። ስትገዙ የገመድ ማሰሪያዎቹን ቁጠሩ፤ ጥጉ ላይ ብቻ ሳይሆን የግድግዳው ወገብ ላይም መኖር አለባቸው።

አሸዋ ካነሳሁ፦ የደረቀ ወንዝ ውስጥ አትትከሉ። ሜዳ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እሾህ የለውም፤ ለዚህ ነው የሚያታልለው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የድሬው ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ውሃው የወረደው ከላይ ከደጋው ነው። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ኮከብ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ችግር ሌላ መፍትሄ የለውም፣ ዳገቱ ላይ ውጡ።

ጠዋት ጣራው ያንጠባጥባል

መጀመሪያ የሚፈስ ነው ወይስ ያላበው? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው። ከውስጥ ጣራውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ጠብታው በጣራው ሁሉ እኩል ከተበተነ፣ በተለይ ሳይዘንብ ካደረ፣ የእናንተው ትንፋሽ ነው። ስድስት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስ የሚወጣው ውሃ በሊትር ይቆጠራል፤ የቀዘቀዘ ጨርቅ ሲነካ ጠብታ ይሆናል። ውሃው ግን ስፌት ተከትሎ በመስመር ከወረደ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ይፈሳል።

ላብ ከሆነ መፍትሄው ብዙ ሰው የማይቀበለው ነው፦ ከላይም ከታችም ክፈቱ። ቁልቢ ላይ ብርዱን ፈርተን ሁሉን ዘጋግተን ያደርን ዕለት ነው አማቴ የራሱት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱን የላይ መተንፈሻ ከፍተን አደርን፤ ሁሉም ደረቅ ሆኖ ተነሳ። በደረቅ ብርድ መተኛት ከእርጥብ ሙቀት ይሻላል። የውጭውና የውስጡ ድርብ እንዳይነካኩም ገመዶቹን ማታ አንዴ አጥብቁ፤ አንዳንዱ ጨርቅ፣ በተለይ ናይለን፣ ጤዛ ሲወርድበት ይላላል።

የሚፈስ ከሆነ ለዚያች ሌሊት ስፌቱን ከውጭ በሻማ እሹት፤ ሰሙ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍናል። የድሬ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚቀልጥ ቋሚ አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው፤ የእኔን የተቀደደ ጥግ እዚያ ነው በሸራ የደረቡልኝ፣ ቁጭ ብዬ እያየሁ። ግን አስታውሱ፣ አዲስ ስፌት ማለት አዲስ የመርፌ ቀዳዳ ማለት ነው። ከተሰፋ በኋላ ከውስጥ የስፌት መድፈኛ ማጣበቂያ ካልተቀባ በሚቀጥለው ዝናብ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ።

ስትገዙ መለያው ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለ። ጨርቁ ላይ ውሃ በቱቦ ቢቆም ሳያሳልፍ ምን ያህል ከፍታ እንደሚሸከም ይናገራል። ለጣራ ከ2,000 እስከ 3,000 ለእኛ ይበቃል፤ ወለሉ ግን ጉልበትና ክርን ስለሚጫነው 5,000 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። ከወለሉ ስር የምታነጥፉት ላስቲክ ከድንኳኑ ያነሰ ይሁን። ተርፎ ከወጣ ከግድግዳው የሚወርደውን ዝናብ ተቀብሎ ወደ ስራችሁ ይዞ ይገባል። ይህን አንድ ሙሉ ሌሊት ከፍዬበት ነው ያወቅኩት።

ብርዱ አላስተኛ አለ

ቆላ ለለመደ ሰው የቁልቢ ታህሣሥ ቀልድ አይደለም። ብርዱ የሚመጣው ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው፤ መሬት ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችሁን ይጠጣል። በአየር የሚነፋው ፍራሽ ውስጡ ያለው አየር ስለሚቀዘቅዝ ከስፖንጅ የባሰ ነው። ከነፋችሁት ከላዩ ብርድ ልብስ አንጥፉ፤ ሁላችንም ከላይ መደራረብ ይቀናናል፣ ከታች የተነጠፈ አንድ ግን ከላይ የተደረበ ሁለት ያህላል። ትልቅ ክፍል በሰው ትንፋሽ አይሞቅም፤ በውስጡ አነስ ያለ መኝታ ክፍል የሚንጠለጠልበት ድንኳን የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ከሰል አታስገቡ። ቡናው ካለቀ በኋላ «አመድ ለብሷል፣ አይጎዳም» ተብሎ የሚገባው ማንደጃ ነው ቤተሰብ የሚጨርሰው። ጢስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ የሚያስተኛ እንጂ የሚቀሰቅስ ምልክት የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሁሉንም ሰው ወዲያው ወደ ውጭ አውጡ። አባት እናት ቢቆጡም ማንደጃው ውጭ ይደር።

ዘንጉ ተሰነጠቀ

ፋይበርግላስ ዘንግ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ስለሚታጠፍ። ልጆች «እኛ እንትከል» ሲሉ የሚሆነው ይኸው ነው። በባዶ እጅ አትንኩት፣ ስንጥሩ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። አሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሰሩ ሰዎች ጋ ዘንጉ ጠበቅ ብሎ የሚገባበት አንድ ጣት ርዝመት ያለው ቱቦ ለምናችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ፤ ስብራቱ ላይ አንሸራታችሁ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ጠምጥሙ። ብረት ዘንግ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ በመኪና ለሚሄድ ሰው እኔ ብረቱን ነው የምለው።

ዚፑ ይዞ ቀረ፣ ጨርቁ ይጣበቃል

የዚፑ ምክንያት አሸዋ ነው። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አራግፉ፣ ሻማ አሹት። ከተዘጋ በኋላ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ተንሸራታቹ ላልቷል፤ በፒንሳ ጎንና ጎኑን ቀስ አድርጋችሁ ጨምቁት።

ጨርቁ እጅ ላይ የሚጣበቅና የሚሸት ከሆነ የውስጡ ቅብ በእርጥበት ፈርሷል። አይድንም። ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ የቆየ ዕቃ ስትገዙ ከመዘርጋታችሁ በፊት እጃችሁን ከረጢቱ ውስጥ አስገቡና ዳስሱ፣ አሽትቱ።

ቁልቢ ደርሰን የሚተከልበት ቦታ አጣን

ስድስት በአራት ሜትር የሆነ ሜዳ በታህሣሥ 18 ማታ ቁልቢ ላይ አይገኝም፤ ገመዶቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይብሳል። ቀን 8 ሰዓት ሳይሆን ካልደረሳችሁ ትልቁን ድንኳን ይዛችሁ መኪና ውስጥ ታድራላችሁ፣ እኛ አድረናል። ስለዚህ ከስድስት በላይ ለሆነ ቤተሰብ አሁን የምመክረው አንድ ግዙፍ ሳይሆን ሁለት መካከለኛ ነው፤ በሮቻቸው ፊት ለፊት ሆነው በመካከል ሸራ የሚወጠር። አንዱ ቢቀደድ ሌላው አለ፣ የሚያንኮራፋም ይለያል።

ይህን ለቤቱ ሳስረዳ አማቴ ጀበናውን አስቀምጠው «የእኔ ድንኳን ከማን ጋር ነው?» አሉ። ገና አልመለስኩላቸውም።