አልኮሉ ራሱ ይድረቅ

ማንም ሳይጠይቀኝ ልናገር። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ለምትቀምሙ የፋርማሲ ልጆች ነው።

ሁዱን፣ ማለትም የተጣራ አየር የሚነፍስበትን የመቀመሚያ ሣጥን፣ የምትወለውሉበት አልኮል 70 ፐርሰንት ይሁን። 96ቱ ጠንካራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይሸወዳል። አልኮል ጀርም ለመግደል ውሃ ይፈልጋል፤ 96ቱ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። በተለይ በኮምቦልቻ ሙቀት! 70ውንም ቢሆን ሳትሰስቱ አርጥቡት፤ ከዚያ ራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ። ማራገብ የለም።

ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ያዙ። ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ ደጅ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ። እንደ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያውን ማሸት ቆሻሻውን መልሶ ማዳረስ ነው። (እኔም ስጀምር እንደዚያ ነበር የማደርገው።) የአየር ማጣሪያው ላይ ግን ምንም አትርጩ፤ ይበላሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። አልኮል የባክቴሪያን ስፖር (ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበትን ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ) አይገድልም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ስፖር የሚገድል ነገር ያስፈልጋል። የተበረዘ በረኪና ከሆነ ብረቱን ስለሚበላ፣ በንጹሕ የተጣራ ውሃ አስለቅቁትና በመጨረሻ አልኮሉን አስከትሉ። በረኪናና አልኮልን መቀላቀል አይሞከርም፤ መርዛማ ነገር ይወጣዋል።