የጸሎት ቡድን ተጀምሮ እንዳይቀዘቅዝ

የጸሎት ቡድን መጀመር ቀላል ነው፤ ከባዱ በስድስተኛው ወርም ሰው እንዲመጣ ማድረግ ነው። ሰው ሲቀር "መንፈሳዊነት ቀነሰ" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቡድኑን የሚበትነው የሰዓት፣ የርዕስና የምስጢር አያያዝ ነው።

በቅድሚያ የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች ፈቃድ ያዙ። ከዚያ ከ5 እስከ 7 ሰዎች ምረጡ። ድምፁ ከጎላው ይልቅ ሰዓት የሚያከብርና ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይሻላል።

ደሴ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብርዱ፣ ጨለማውና ዳገቱ ተደማምረው እናቶችን ያስቀራሉ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አድርጉት። ኮምቦልቻ ላይ በፋብሪካ ሺፍት የሚሠሩ ምዕመናን ስላሉ በሳምንት ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች መድቡ፤ በሁለቱም የሚጸለይበት ርዕስ አንድ ይሁን።

አንዱን ሰዓት እንዲህ ክፈሉት፦ 10 ደቂቃ ምስጋና፣ 10 ደቂቃ የእግዚአብሔር ቃል፣ 5 ደቂቃ ንስሐ፣ 30 ደቂቃ ምልጃ፣ የቀረው 5 ደቂቃ ለመዝገብ። ምልጃው ከሦስት ርዕስ አይብለጥ። እዚያው ተራ በተራ "የጸሎት ርዕስ ያለው?" እየተባለ ከተጠየቀ ግን ወሬው ጸሎቱን ይበላዋል። ስለዚህ ርዕሱ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ቀድሞ ለአስተባባሪው ይድረስ።

ርዕሱ ተለይቶ የታወቀ ይሁን። "ስለ ወጣቶች" ብላችሁ ብትጸልዩ መልሱን በምን ታውቁታላችሁ? "የ12ኛ ክፍል ፈተና ስለሚወስዱት አራት ልጆቻችን" ብትሉ ግን ውጤቱ ሲመጣ አብራችሁ ታመሰግናላችሁ፤ ያልሆነላቸውንም አብራችሁ ትደግፋላችሁ። መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ ርዕሱንና የሆነውን ጻፉ። መልስ ያላገኘውን አትሰርዙ፤ በወር አንዴ ተመልሳችሁ አንብቡት። ሰው በጸሎት የሚጸናው እግዚአብሔር የሠራውን ሲያስታውስ ነው።

ስም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይጻፍ፤ "አንዲት እህት፣ ስለ ትዳሯ" ይበቃል። የታመመ ሰው ስም ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ምስጢሩ አንዴ አደባባይ የወጣበት ሰው ርዕስ ይዞ አይመለስም፤ ሌላውም እሱን አይቶ ዝም ይላል።

ለታመመ ስትጸልዩ ያዕቆብ 5፥14 ሽማግሌዎችን እንድንጠራ ያዛልና ብቻችሁን አትሂዱ። "መድኃኒት ተው" አትበሉት። ትንቢት አለኝ የሚል ሰው ለባለ ጉዳዩ ከመንገሩ በፊት ለሽማግሌዎች ያቅርብ፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥21 ሁሉን ፈትኑ ይላል።

በአዳር ጸሎት ማይክ አትክፈቱ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ተኝቷል።

መሪ በየሦስት ወሩ ይቀየር፤ የሙሴን እጅ አሮንና ሆር እንደ ደገፉ (ዘጸአት 17፥12) ሁልጊዜ ሁለት ረዳት ይኑረው። ሰው ከቀነሰ ከመድረክ አትውቀሱ። የቀሩትን ቤታቸው ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ቀጥሎ ሰዓቱ ይመቻቸው እንደሆነ።