የድሬን ቅልቅል ባህል እንዴት እንሰብስብ፣ የያዙት አዛውንቶችስ ድጋፍ እንዲያገኙ ምን እናድርግ

ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛ ኦሮምኛ ሶማሊኛ ሀረሪኛ አረብኛ ሲደባለቅ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ግን የዚህ ኑሮ አብዛኛው የትም አልተፃፈም፣ ያለው ሰዎች ጭንቅላት ውስጥና አልጋ ስር ያለ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሰዎቹ ደግሞ እያረጁ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚሰበሰብ ልፃፍ፣ ከሱ ጋር ደግሞ አዛውንቶቹ ድጋፍ እንዲያገኙ እንዴት እንደሚደረግ አብሬ አነሳለሁ፣ ምክንያቱም የ80 ዓመት ሰው ቤት ገብታችሁ ታሪኩን ቀድታችሁ ሰውየው የመድሃኒት መግዣ እንዳጣ ትታችሁት ከወጣችሁ ስራው ግማሽ ነው፣ ለኔ እንደውም ነውር ነው።

ቅልቅሉ ከየት መጣ ለሚል፣ ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ ሀረር መግባት ነበረበት፣ ተራራው ከባድ ሆነ፣ ወጪውም በዛ፣ ከስር ቀረ። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ሀዲዱ እዚህ ደረሰና ከተማዋ ተቆረቆረች፣ አዲስ አበባ እስኪገባ ሌላ 15 ዓመት ገደማ ፈጀ። በዛ መሀል ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ መጣ፣ ከዙሪያው ኦሮሞና ሶማሌ፣ ከላይ ሀረሪና አርጎባ፣ ከመሀል ሀገር አማራና ጉራጌ ገባ። ዘፋኙን አሊ ቢራን አስቡት፣ እዚሁ ድሬ ተወልዶ በኦሮምኛም በሀረሪኛም በአማርኛም በሶማሊኛም በአረብኛም የዘፈነ ሰው እኮ ነው። እሱም በ2015 ዓ.ም. አረፈ።

እንደዚህ አይነት ቅልቅል ህዝብ ሌላም ቦታ አለ። አሜሪካ ሉዊዚያና ውስጥ ክሪዮል የሚባሉት ከአፍሪካ፣ ከፈረንሳይ፣ ከስፔንና ከነባር ህዝቦች የመጡ ናቸው፣ ኩሪ ቪኒ የሚሉት የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በ1921 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ህገመንግስት ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን አለ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቤታቸውን ቋንቋ ሲያወሩ ይቀጡ ነበር፣ ወላጆችም ልጄ ለምን ይቀጣ እያሉ ማስተላለፉን ተዉት፣ ዛሬ ተናጋሪው ከ10 ሺህ በታች ነው ይባላል። አሁን ወጣቶቹ የአያቶቻቸውን ድምፅ ፈልገው እየቀዱ መዝገበ ቃላት ይሰራሉ። ያ ሁሉ ልፋት የሚመጣው ከዘገየ በኋላ ነው። እኛ ገና ሰዎቹ በህይወት አሉ።

እሺ ከየት ይጀመር? በር እያንኳኳችሁ አትጀምሩ። በእድር ግቡ፣ ሀረር ከሆናችሁ ደግሞ በአፎቻ፣ የሀረሪዎች እድር በሉት። የእድሩ ሰብሳቢ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን የባቡር ሰራተኛ እንደነበር፣ የማን እናት ሰርግ ላይ እንደምትዘፍን፣ ማን ደግሞ ታሞ እንደተኛ ያውቃል፣ ይሄን ሁሉ ከየትም መስሪያ ቤት አታገኙትም። አፎቻ የወንዶችና የሴቶች ተብሎ ለየብቻ ነው፣ ስለዚህ የሴቶቹን ታሪክ ከፈለጋችሁ ከቡድናችሁ ሴት ልጅ ትሂድ፣ እናቶች ለሷ የሚያወሩት ሌላ ነው። እና አንድ ነገር፣ የእድሩ መዝገብ ራሱ ቅርስ ነው! የድሮው የመዋጮ ደብተር ላይ ከነስሙ ማን ከማን ጋር ሲቀበርና ሲያለቅስ እንደኖረ ቁልጭ ብሎ ተፅፏል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ገፅ ላይ። ሰብሳቢውን አስፈቅዳችሁ ፎቶ አንሱት፣ ካልፈቀደ ግን አትጨቃጨቁ።

ቀረፃው ላይ ድሬን የሚያህል አስቸጋሪ የለም፣ በሙቀቱ ምክንያት። ጣራ ላይ ያለው ቬንትሌተር ለጆሮ አይታወቅም፣ ስልኩ ግን እሱን ነው አጉልቶ የሚቀዳው፣ አጥፉት እንዳትሉ ደግሞ አዛውንቱ በሙቀት ይጨነቃሉ። መፍትሄው ሰዓት መምረጥ ነው፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ አለዚያ ከአስር ሰላት በኋላ ግቢ ውስጥ ጥላ ስር። ቀትር ላይ ከተማው ራሱ ይተኛል፣ እናንተም ተዉአቸው ይረፉ። በርጫ ላይ፣ ጫት እየተቃመ፣ ጨዋታው ይደምቃል፣ እውነት ነው፣ ግን አስር ሰው ባንዴ ያወራል፣ እዛ ርእስ ልቀሙና ለቀረፃ ሌላ ቀን ለብቻ ሂዱ። ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ አድርጉ፣ የታጠፈ ሻርፕ ወይም ፎጣ ላይ አስቀምጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁት ሲኒው በተነሳ ቁጥር ይንኳኳል። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ሰፈሩን፣ የሰውየውን ስምና ፈቃዳቸውን በራሳቸው ድምፅ ይናገሩ። ይሄን አትዝለሉት፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ በኋላ ደግሞ የሰው ስምና ታሪክ ያለፈቃዱ መልቀቅ በህግም ያስጠይቃል።

ጥያቄው ላይ «ስለ ባህላችን ይንገሩን» ካላችሁ የቴሌቪዥን መልስ ነው የምታገኙት፣ ተቻችለን ተከባብረን ነበር የምንኖረው ብለው ይጨርሳሉ። ትንንሹን ጠይቁ። አባባ ገንዘብ ሲቆጥሩ በየትኛው ቋንቋ ነው የሚቆጥሩት? እማማ ከባለቤትዎ ጋር ሲጣሉ በምን ቋንቋ ነበር? ረመዳን ላይ ከጎረቤት ምን ይመጣ ነበር፣ ፋሲካ ላይስ ወደነሱ ምን ይሄድ ነበር? የጅቡቲ ባቡር ሲገባ ማን ምን ይዞ ይሮጥ ነበር? ሀጂ ሲባሉ የኖሩትን ሀጂ በሉ፣ ልጃቸው እማዬ የሚላቸውን እናንተም እማዬ በሉ፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ዝምታው ሲረዝም አትሙሉት፣ ጥሩው ነገር ብዙ ጊዜ ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ምግብ ደግሞ በወሬ አይቀዳም፣ ሲሰራ ነው የሚቀዳው። ሁልበት መረቅን፣ የሀረሪዎችን የአብሽ መረቅ፣ ልውሰድ። አብሹ እንዴት ይሰራል ብላችሁ ብትጠይቁ «ትዘፈዝፊውና ትመቺዋለሽ» ነው መልሱ፣ አለቀ። ኩሽና ገብታችሁ ስታዩት ግን የአብሹ ዱቄት ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ላይ የተንሳፈፈው ውሃ ይደፋል፣ ምሬቱ ከሱ ጋር ነው የሚሄደው፣ ከዛ በእጅ ይመታል፣ ይመታል፣ ቢጫው እየነጣ እንደ አረፋ እስኪነሳ ድረስ፣ መቼ እንደሚበቃ እሳቸው በጣታቸው አንስተው ነው የሚያዩት። ያንን ጣት ነው ካሜራው መያዝ ያለበት። እጃቸው ላይ ዙም አድርጉ፣ ፊት ላይ አይደለም። መጠኑን በሲኒ ከሰፈሩ ሲኒውንም ፎቶ አንሱ፣ ከተቻለ ደግሞ ከመጨመራቸው በፊት በሚዛን መዝኑ፣ ምክንያቱም የሳቸው ሲኒና የናንተ ሲኒ አንድ አይደለም። ለጣፋጮቹ ለሙሽበክና ለሀላዋ፣ ለመጠጡ ለሆጃም እንደዛው።

ፎቶና ወረቀት። አልበም ላይ የተጣበቀ ፎቶ እንዳትነቅሉ፣ እዛው እንዳለ መስኮት አጠገብ ፍላሽ ሳትጠቀሙ አንሱት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትፃፉ፣ በለስላሳ እርሳስ ነው። ስካነር ካገኛችሁ ጥራቱን 600 ዲፒአይ ላይ አድርጉት። የባቡር ሰራተኛ ቤት ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ በፈረንሳይኛ የተፃፈ የቅጥር ደብዳቤ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ መታወቂያ አይጠፋም፣ እያንዳንዱን ፊትና ጀርባ አንሱ፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመለስበታለሁ። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በ1998 ክረምት ስንት ቤት ጠርጎ ሲሄድ አልበሙም ሰነዱም አብሮ ነው የሄደው፣ ስለዚህ ኦርጅናሉ ወለል ላይ እንዳይቀመጥ ለቤተሰቡ ንገሩ፣ ቁምሳጥን ላይ ይውጣ።

ዓመተ ምህረት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አዛውንቶች በዓመት ሳይሆን በክስተት ነው የሚያስታውሱት፣ ስለዚህ መነሻ ስጧቸው፣ ጣሊያን ከመውጣቱ በፊት ነው በኋላ? (1933)፣ የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ልጅዎ ተወልዶ ነበር? (1969)፣ ጎርፉ ሲመጣስ? ፋይሉ ላይ የኛንም የፈረንጁንም ዓመት ፃፉ፣ አለበለዚያ ከአስር ዓመት በኋላ 2016 የሚል ፋይል የትኛው 2016 እንደሆነ ማንም አያውቅም። ኮፒው ሶስት ይሁን፣ አንዱ ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ፣ ጎግል ድራይቭ ላይ። አራተኛው የቤተሰቡ ነው፣ ይሄ ግዴታ ነው፣ ቀድታችሁ ወስዳችሁ የማትመለሱ ከሆነ የሚቀጥለው ቤት በሩን አይከፍትላችሁም፣ ልክም ናቸው።

አሁን ድጋፉ። ቀረፃው ካለቀ በኋላ ቡናው ላይ ሶስት ነገር ጠይቁ፣ ጤና መድህን አለዎት? ጡረታ ይገባል? የሚጠይቅዎት ሰው አለ? ጤና መድህን በቀበሌ ነው የሚመዘገበው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ምዝገባው በወቅት ስለሚከፈት ቀኑ እንዳያልፍ፣ መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌ ከተለየ መዋጮውን መንግስት ይሸፍንለታል፣ ይሄን የማያውቅ ደሃ ግን ብዙ ነው። የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለከተማ ደሃ የሚሰጠው የመንግስት ድጋፍ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ድሬም ሀረርም ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች ውስጥ ነበሩ፣ መስራት ለማይችል አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ክፍል አለው፣ ምልመላ መቼ እንደሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁላቸው።

ጡረታው ላይ ነው ያ ሳጥን የሚመጣው። ባሏ የባቡር ሰራተኛ የነበረ እናት የተተኪ ጡረታ (ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው) ሊገባት ይችላል፣ የሚጠየቀው ግን የአገልግሎት ማስረጃና የጋብቻ ማስረጃ ነው፣ እናንተ ደግሞ ለታሪክ ብላችሁ ፊትና ጀርባ ያነሳችሁት የቅጥር ደብዳቤ እዛው ስልካችሁ ላይ አለ። አሳትማችሁ አብራችኋት ወደ ማህበራዊ ዋስትና ቢሮ ሂዱ፣ ኦርጅናሉንም ያዙ። ደብዳቤው ፈረንሳይኛ ከሆነ የፈረንሳይኛ ማስተማሪያውን አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ ጠይቁ፣ የሚያነብላችሁ ሰው አይጠፋም፣ ለቢሮ የሚሆነው ትርጉም ግን ህጋዊ መሆን አለበት። የቤት ወይም የውርስ ክርክር ካለ የድሬዳዋና የሀረማያ ዩኒቨርስቲ ህግ ትምህርት ክፍሎች ጋ ስለ ነፃ የህግ ምክር ጠይቁ፣ ጠበቃ ከመያዝ በፊት የሚሞከር ነው።

የሰበሰባችሁት የት ይግባ ለሚለው፣ ሀረር ላይ ጥሩ ምሳሌ አለ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የሀረርን የእጅ ፅሁፍ፣ ካሴትና የድሮ እቃ በግላቸው ቤታቸው ውስጥ መሰብሰብ ጀምረው ዛሬ በራስ ተፈሪ ቤት ያለው ሙዚየም ሆኗል። አንድ ሰው በፍቅር የጀመረው ነው እኮ። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ጁገል በ2006 እ.ኤ.አ.፣ የሀረሪዎች በዓል ሹዋሊድ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ ተመዝግበዋል፣ ስለዚህ ሀረር ላይ ሰሚ ታገኛላችሁ። ድሬ ላይ ባህልና ቱሪዝም ቢሮና የዩኒቨርስቲው ቤተመፃህፍት ሁለቱም ጋ ኮፒ አስገቡ፣ ስታስገቡ በደብዳቤ ይሁን፣ ቴምብር ያለበት መረከቢያ ተቀበሉ፣ ማን ሊያየው እንደሚችልም ይፃፍበት። ብዙ ስትሆኑና ገንዘብ መጠየቅ ስትፈልጉ በአዋጅ 1113/2011 መሰረት ማህበር ሆናችሁ ተመዝገቡ፣ እስከዛ ግን በእድሩ ስም መስራት ይበቃል።

የመጨረሻው ስራ ቀላል ነው ግን ሁሌ የሚረሳ። የቀበሌውን፣ የጤና ጣቢያውን፣ የእድር ሰብሳቢውን፣ የማህበራዊ ዋስትናውን ስልክ በአንድ ወረቀት በትልቁ ፅፋችሁ በየቤቱ በር ጀርባ ለጥፉ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ ድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ለልጆቻቸው ላኩ። ቁጥሮቹን መስከረም ላይ አንድ በአንድ ደውላችሁ አጣሩ፣ የተቀየረውን ቀይራችሁ ወረቀቱን እንደገና ለጥፉ።