የመኪና ቴፕን ከአምፕሊፋየር ጋር እንዴት እናገናኛለን?

አብዛኛው ቴፕ በራሱ ለስፒከር የሚሰጠው ኃይል ትንሽ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ይሻክራል፣ ቤዙም ይጠፋል። አምፕሊፋየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔ ሥራውን የተማርኩት በአሮጌ ኮሮላዬ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ በመግጠም ነው።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ በቁጥር 10 ቁልፍ ይፍቱ።

ቀጥሎ ገመድ ይግዙ፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። መርካቶ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው ወፍራም ገመድ ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ መዳብ የተቀባ ነው። ከጫፉ አንዷን ሽቦ በቢላ ይፋቋት። ቀይነቷ ለቆ ነጭ ብረት ብቅ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ፖዘቲቩን ገመድ ከባትሪው ወደ አምፕሊፋየሩ ሲዘረጉ ፊውዙን ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ያስገቡ። ፊውዙ የሚጠብቀው ከእሱ ወዲያ ያለውን ገመድ ብቻ ነው፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ክፍል ከመኪናው አካል ጋር ከተነካካ የሚያስቆመው የለም፣ ይቃጠላል። በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ቆርቆሮ ስለታም ነውና ገመዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይግጠሙ።

አሁን ወደ ኔጋቲቩ እንምጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠምኩ ዕለት ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ ሞተሩን ሳስነሳ ግን ከስፒከሮቹ ቀጭን ፉጨት ወጣ። ነዳጅ ስረግጥ ይወጣል፣ ስለቅ ይወርዳል። ሙዚቃውን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሰውን አርሲኤ የሚባል ገመድ ቀየርኩ፣ ከዚያም አምፕሊፋየር ተውሼ ሞከርኩ። ፉጨቱ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ኔጋቲቩን ያሰርኩበትን ቡሎን ስፈታ፣ ከሥሩ ቀለሙ እንዳለ ሲያብረቀርቅ አገኘሁት። ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ግንኙነቱን የያዘው የቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነበር። ቴፑ ኔጋቲቩን ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ያገኛል። አንደኛው መስመር ሲላላ በሁለቱ መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል፣ የዲናሞው ጩኸትም በአርሲኤው በኩል ከሙዚቃው ጋር ይገባል።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ከአምፕሊፋየሩ ከግማሽ ሜትር ያልራቀ የመኪናው ዋና አካል የሆነ ብረት ይምረጡ። የወንበር ቀበቶ የታሰረበትን ቡሎን ግን አይንኩ፤ እሱ የሰው ሕይወት የሚይዝ ነው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪነጣ ይፋቁ። ከፖዘቲቩ ጋር እኩል ውፍረት ያለው ገመድ ጫፉ ላይ ቀለበት አድርገው አጥብቀው ይሰሩ። ዝገት እንዳይበላው ከላዩ ግራሶ ይቀቡት። ሥራው ሁሉ አልቆ ሞተሩ ሲነሳ፣ ሙዚቃ ከፍተው በአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ይለኩ። እኔ ከ0.2 ቮልት ካለፈ መልሼ እፈታለሁ።

ቴፑን ከዳሽቦርዱ ሲያወጡ ከኋላው ሁለት ሰማያዊ ገመድ ሊያገኙ ይችላሉ። አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው ነጭ መስመር ያለበት ነው። ሙሉ ሰማያዊው የአንቴና ሲሆን በብዙ ቴፖች ላይ ሬዲዮ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ የአምፕሊፋየሩን ማስነሻ ገመድ ከእሱ ጋር ካገናኙ ወደ ፍላሽ ሲቀይሩ ድምፁ ይጠፋል። አንዳንድ ሠራተኞች ለማሳጠር ከቢጫው ጋር ያስሩታል። ቢጫው ቁልፍ ቢነቀልም ኤሌክትሪክ አለበት፤ አምፕሊፋየሩ ሌሊቱን በርቶ ያድራል፣ ጠዋት ባትሪው ደክሞ ይጠብቅዎታል። መጋጠሚያውን ጠምዝዞ በናስትሮ ከመጠቅለል በስታኞ ይበይዱት።

አርሲኤውን ፖዘቲቩ ካለፈበት በተቃራኒው የመኪናው ጎን ያሳልፉ። ቀዩ የቀኝ፣ ነጩ የግራ ነው። ስፒከሮቹን ፖዘቲቭና ኔጋቲቫቸውን ሳያቀያይሩ ያገናኙ፣ የባትሪውንም ኔጋቲቭ ይመልሱ።

አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ጌይን የሚባለው መዞሪያ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር የሚያስማማ ነው። ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት፣ የቤዝ መጨመሪያዎችን ያጥፉ፣ ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛው ይክፈቱ። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያሉ ያዙሩ፤ የዘፋኙ ድምፅ መሻከር ሲጀምር ጥቂት ይመልሱና ይተዉት። ግማሽ ሰዓት ከነዱ በኋላ የፊውዙን ቤት በእጅዎ ይንኩ። ከጋለ አንዱ ማሰሪያ ላልቷልና ያጥብቁት።