ሲኤንሲው (በኮምፒውተር ሚታዘዘው መቁረጫ ማሽን) ቦታ ሳተባችሁ? ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት ዜሮውን እዩት

ተክለሃይማኖት አካባቢ የምንሰራበት ሾፕ ውስጥ ልጆቹ "ማሽኑ ተበላሸ" ብለው ሲጠሩኝ ሄጄ ሳይ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ዜሮው (ልኬት ሚጀምርበት ነጥብ) ነው የተሳሳተው። ማሽኑ የራሱ ዜሮ አለው፣ ሆም ስታረጉት (ወደ መነሻ ቦታው ስትመልሱት) ሚያገኘው፣ እሱ አይነካም። እቃው ደግሞ የራሱ አለው፣ ድሮዊንጉ ላይ ልኬት ሚነሳበት ጥግ በሉት። ጂ54 በሚባለው የማሽኑ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው ቁጥር ከማሽኑ ዜሮ እስከ እቃው ዜሮ ያለው ርቀት ነው፣ በቃ። እስከ ጂ59 ስድስት ቦታ ስላለ ስድስት ሞርሳ (እቃ ማሰሪያ) ብትደረድሩም ለየብቻ ዜሮ መስጠት ይቻላል።

ቀዳዳው ሁሉ እኩል ወደ አንድ ጎን ሄዷል? ስህተቱን በካሊፐር ለኩት፣ ቁጥሩ ራሱ ምክንያቱን ይነግራችኋል። የኤጅ ፋይንደሩ (የእቃውን ጠርዝ ነክተን ምናገኝበት መለኪያ) ጫፍ ዲያሜትሩ 10 ሚሜ ከሆነና ስህተቱ 5 ከመጣ ራዲየሱን ረስታችኋል፣ 10 ከመጣ ግን ራዲየሱን አስባችሁ ምልክቱን ገልብጣችኋል ማለት ነው። የእቃውን ግራ ጎን ስትነኩ የስፒንድሉ (ቱሉን ይዞ ሚሽከረከረው ክፍል) መሃል ገና 5 ሚሜ ወደ ውጪ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሚገባው ኤክስ ማይነስ 5 ነው። እኔ ይቺን ምልክት ገልብጬ አንድ ደንበኛ ከሶማሌ ተራ ይዞት የመጣውን የፓምፕ ክዳን አበላሽቻለሁ፣ ሰውየው ሌላ ክዳን ፍለጋ ስንት ቀን እንደተንከራተተ ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል። ስህተቱ የእቃውን ግማሽ ያህል ከሆነ ደግሞ ካም (ፕሮግራሙን ሚያወጣው ሶፍትዌር) ላይ ዜሮው መሃል ተደርጎ ማሽኑ ላይ ጥግ ተይዟል ማለት ነው።

ኤክስና ዋይ ልክ ሆነው ቱል (መቁረጫው) ሲቀየር አየር ላይ ሚቆርጥ ወይ እቃው ውስጥ ሚሰምጥ ከሆነ የቱል ርዝመት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ጂ43 (የቱል ርዝመት እንዲታሰብ ሚያዘው ኮድ) መኖሩን እዩ፣ ከዛ ቲ3 (ሶስተኛውን ቱል) ጠርታችሁ ኤች2 (የሁለተኛውን ርዝመት) ከፃፋችሁ የሌላ ቱል ርዝመት ነው ሚወስደው። ድሪል ተሰብሮ በሌላ ሲተካም እንደገና ይለካ። አንድ ብዙ ሰው ማያስተውለው ነገር አለ፣ ቱሉን ከእቃው ፊት ላይ ለክታችሁ ኤች ውስጥ ካስገባችሁት ጂ54 ላይ ዜድ ዜሮ ሆኖ ይቀመጥ፣ ሌላ ልጅ መጥቶ እዛም ቁጥር ከሞላበት ሁለቱ ይደመራሉ፣ ከዛ ስፒንድሉ ጠረጴዛ ሊመታ ይችላል።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣስ? እሱ እዚህ ሰፈር የታወቀ ነው። አብሶሉት ኢንኮደር (መብራት ቢጠፋም ቦታ ማይረሳ ሴንሰር) ያለው ማሽን ቦታውን ያስታውሳል፣ ሌላው ሆም መደረግ አለበት፣ ሆም ሲደረግ ጂ54 ውስጥ ያለው ቁጥር እንደገና ይሰራል። ሆም ስዊች የሌላቸው ትናንሽ ራውተሮች ላይ ግን ቁጥሩ ቢኖርም ዋጋ የለውም፣ ጥጉን እንደገና መንካት ነው፣ ስለዚህ ቆርጣችሁ ማትጨርሱት አንድ ንፁህ ጥግ ሁሌም አስቀሩ።

የመጀመሪያው እቃ ልክ ሆኖ ሁለተኛው ከሳተ ስቶፐር (እቃው ሁሌ አንድ ቦታ ሚቆምበት ማቆሚያ) አስሩ፣ ዋይን ከማይንቀሳቀሰው የሞርሳ ጥርስ ላይ ያዙ፣ ስሩ ያለውን የብረት ፍርፋሪ ጥረጉ። ጂ54 ሳይነካ ሁሉም ከተንሸራተተ ፕሮግራሙ ውስጥ ጂ92 (ዜሮውን ሚያዛውር ኮድ) ፈልጉ፣ ፋኑክ ኮንትሮል ያለው ማሽን ላይ ከጂ54 እስከ ጂ59 ስድስቱንም አንድ ላይ ነው ሚያንሸራትተው።

ከመቁረጣችሁ በፊት ራፒዱን (ፈጣን እንቅስቃሴውን) ዝቅ አርጋችሁ ኤምዲአይ (ትዕዛዝ በእጅ ሚፃፍበት ሞድ) ላይ መጀመሪያ ጂ90 ጂ54 ጂ43 ኤች1 ዜድ50. ስጡት፣ እዛ ከፍታ ላይ ከቆመ በኋላ ነው ኤክስና ዋይን ወደ ዜሮ ምትወስዱት። ነጥቧ አትረሳ፣ አንዳንድ ሴቲንግ ላይ ያለ ነጥብ 50 ማለት 0.05 ሚሜ ነው። ሲቆም ከቱሉ ጫፍ እስከ እቃው ፊት በማስመሪያ ለኩት፣ 50 ካልመጣ ስታርት እንዳትነኩ።