የፈንጂ ባለሙያ መሆን ለሚያስቡ፦ ሥራው፣ ጥንቃቄውና የሙያው መንገድ

ፈንጂ በማዕድን ማውጫ፣ በድንጋይ ካባ፣ በመንገድና በዋሻ ቁፋሮ እንዲሁም ያረጁ ሕንፃዎችን በማፍረስ ሥራ ላይ የሚውል መሣሪያ ነው። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው ሥራው ሁሉ አለቱ ከቦታው በሚነሣበት ቅጽበት የተጠቃለለ ይመስለዋል፤ የባለሙያው ቀን ግን በአብዛኛው የሚያልፈው በመቁጠር፣ በመለካት፣ በመመዝገብ፣ ሰውን ከአካባቢው በማራቅና በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ ከመግባትዎ በፊት ስለ ድፍረትዎ አይጨነቁ፤ አንድን ሥራ መቶ ጊዜ ከሠሩ በኋላ መቶ አንደኛውን ልክ እንደ መጀመሪያው አድርገው መሥራት ይችሉ እንደሆነ ግን ራስዎን በሐቅ ይጠይቁ።

ሙያው በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ አይሠራም። ፈቃዱን ለማግኘት በሕግ የተወሰነ ዕድሜ ላይ መድረስ፣ የወንጀል መዝገብ ምርመራ ማለፍ፣ ፈቃድ ባለው ሰው ሥር በረዳትነት መሥራትና ፈተና መፈተን ያስፈልጋል። በረዳትነት የሚጀመረው ሥራ ከባድና አሰልቺ ነው፤ ካርቶን መሸከም፣ ባዶ ማሸጊያ መቁጠር፣ መንገድ ላይ ቆሞ መኪና ማስቆም። ምርጫው ከተሰጠዎት ከቁፋሮ ቡድኑ ጋር ቢጀምሩ እመክራለሁ። የድሪል ማሽኑ ድንገት ሲፈጥን ከታች ባዶ ቦታ ወይም የላላ አፈር መኖሩን፣ የሚወጣው ብናኝ ቀለሙ ሲቀየር የአለቱ ዓይነት መቀየሩን በዓይኑና በጆሮው የተማረ ሰው በኋላ ፈንጂ ሲሞላ የሚሞላበትን አለት ያውቀዋል። መሠረታዊ ሒሳብም አይቅርዎት። በሁለት ቀዳዳ ረድፎች መካከል 3 ሜትር፣ በአንድ ረድፍ ባሉ ቀዳዳዎች መካከል 3.5 ሜትር ርቀት ቢኖርና የአለቱ ግንብ ከፍታ 10 ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ቀዳዳ የሚያነሣው አለት 105 ሜትር ኩብ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ወይም ግራናይት ከሆነ ደግሞ ከ280 ቶን በላይ ይመዝናል። ይህን ቁጥር በአእምሮው የያዘ ሰው የአንዲት ቀዳዳ ስሕተት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የሚሠሩበትን ነገር ጠባይ ጠንቅቀው ይወቁ። ዊልያም ቢክፎርድ በ1831 በእንግሊዝ አገር በተመጠነ ፍጥነት እየተቃጠለ እሳቱን ወደ ፈንጂው የሚያደርሰውን ገመድ፣ ማለትም ፊውዝ ሠራ፤ አልፍሬድ ኖቤል ደግሞ በ1867 የድማሚትን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሁለቱም የተነሡበት ምክንያት ተመሳሳይ ነበር፤ ባልተጠበቀ ሰዓት የሚፈነዳ ነገር ማዕድን ቆፋሪዎችን ይፈጅ ነበርና። ዛሬ በትላልቅ ማዕድን ማውጫዎች በብዛት የሚሠራበት በአሞኒየም ናይትሬት ላይ የተመሠረተ ውሕድ ነው። ይህ ውሕድ ከጥንቱ ድማሚት ይልቅ በቀላሉ የማይነሣ በመሆኑ ለአያያዝ ይሻላል፤ በአንጻሩ ዋናውን ፈንጂ የሚያስነሣው ዴቶኔተር መጠኑ ትንሽ ሆኖ ለምት፣ ለሙቀትና ለግጭት እጅግ ስሱ ነው። ስለዚህ ዴቶኔተርና ዋናው ፈንጂ እስከ መጨረሻው ሰዓት በአንድ ላይ አይቀመጡም፣ በአንድ ሣጥንም አይጓዙም። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዴቶኔተሮች በመሬት ውስጥ ከሚሾልክ ኤሌክትሪክ፣ ከሬዲዮ ማሰራጫና ከልብስ ላይ ከሚጠራቀም ኃይል ሊጠበቁ ይገባል። ምልክቱን በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚያስተላልፉት ዓይነቶች ይህን ሥጋት በእጅጉ ቀንሰውታል፤ መብረቅን ግን የሚችል ዴቶኔተር የለም። ነጎድጓድ እየቀረበ ከሆነ፣ የተሞላው ቀዳዳ ምንም ያህል ቢሆን፣ ሥራው ቆሞ ሁሉም ሰው ከአካባቢው ይወጣል። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ናይትሮግሊሰሪን ያለበትን ድማሚት በባዶ እጅ የሚነካ ሰው ንጥረ ነገሩ በቆዳው ገብቶ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ከባድ ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ጓንት ማድረግ የግድ ነው።

የባለሙያው ጥራት የሚለየው በመጋዘኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ያረጀው ዕቃ ቀድሞ ይወጣል፤ ብልጭታ የሚፈጥር የብረት መሣሪያ፣ ክብሪትና ስልክ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በዙሪያው ያለው ሣር ይታጨዳል፤ በሩ ሁለት ሰው በተገኘበት ይከፈታል። የገባውና የወጣው በዚያው ሰዓት በመዝገብ ይሰፍራል፤ ማታ አስታውሶ የሚሞላ መዝገብ መዝገብ አይባልም። ቆጠራው በአንዲት ዴቶኔተር ቢጎድል ሥራው ይቆማል፣ ለሚመለከተው አካልም ሪፖርት ይደረጋል፤ «ነገ ትገኝ ይሆናል» ተብሎ አይታለፍም። አንዲቱ በልጅ እጅ ብትገባ ጣት ትቆርጣለች፣ ዓይን ታጠፋለች። የቸልተኛ ክምችት መጨረሻው ምን እንደሚመስል ቤይሩት አሳይታለች፤ በወደቡ መጋዘን ለዓመታት ተከማችቶ የቆየ ወደ 2,750 ቶን የሚጠጋ አሞኒየም ናይትሬት በኦገስት 4 ቀን 2020 ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የቤይሩቱ ክምችት የማንም የሥራ ቦታ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን መጋዘን ለሚይዝ ሁሉ ነው።

ቀዳዳዎቹን ከመሙላትዎ በፊት እያንዳንዱን ራስዎ ይለኩ። ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበትን ሜትር ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ቆፋሪው በወረቀቱ 10 ሜትር ብሎ የጻፈው ቀዳዳ ሜትሩን 7 ላይ ሊያቆመው ይችላል፤ ሲያነሡትም ጫፉ ረጥቦ ወይም ጭቃ ይዞ ሊወጣ ይችላል። የመጀመሪያው ቀዳዳው መደርመሱን፣ ሁለተኛው ውኃ መኖሩን ይነግርዎታል፤ ሁለቱም በዕቅዱ መሠረት ዝም ብሎ መሙላትን ይከለክላሉ። ከዚያ የአለቱን ግንባር ከፊት ለፊት ይመልከቱ። ግንባሩ ወደ ውስጥ የተቦረቦረበት ቦታ ካለ በዚያ በኩል ቀዳዳውን የሚሸፍነው አለት ስስ ነውና፣ ድንጋይ እንደ ጥይት የሚወረወረው ብዙውን ጊዜ በዚያ ነው። ለመጠቅጠቂያ የሚያገለግለው የእንጨት ወይም ለዚሁ የተሠራ የፕላስቲክ ዘንግ ብቻ ነው፤ የተቀረቀረን ነገር በኃይል መግፋት ፈጽሞ አይፈቀድም። የቀዳዳውን አፍ ለመድፈን ከቁፋሮው የወጣው ብናኝ ስለሚቀርብ ብዙዎች እርሱን ይጠቀማሉ፤ ጠርዝ ያለው የተፈጨ ጠጠር ግን እርስ በርሱ ተያይዞ ስለሚጨብጥ ፍንዳታው የሚፈጥረውን ጋዝ በተሻለ ይዞ ያቆየዋል፤ ጠጠር ለማስመጣት የሚወጣው ወጪ በፍጹም አይቆጨኝም።

አካባቢውን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጠባቂዎችን ራስዎ ያስቁሙ፤ የት እንደቆሙ በካርታ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ያቆማቸው ሰው ራሱ «ልቀቁ» እስኪላቸው ድረስ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ፣ ፍንዳታውን ሰምተው እንኳ መንገድ እንዳይከፍቱ ያስረዷቸው። የሳይረኑ ትርጉም በአካባቢው ለሚኖር ሰው ሁሉ አስቀድሞ መነገር አለበት። አለቃ እየቸኮለ፣ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው እየጠበቁ አንድ ጠባቂ በሬዲዮ ካልመለሰ ፍንዳታው አይካሄድም፤ ይህን «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ያለው ፈቃዱን የያዘው ሰው ነውና ሊጠቀምበት ይገባል። በጁላይ 13 ቀን 1997 በአውስትራሊያዋ ካንቤራ አንድ የቆየ ሆስፒታል በፈንጂ ሲፈርስ ሕዝብ እንዲመለከት ተጋብዞ ነበር፤ ከሕንፃው የተወረወረ ስብርባሪ ሐይቁን ተሻግሮ ከ400 ሜትር በላይ ርቃ በነበረች የ12 ዓመት ልጅ ላይ አርፎ ገድሏታል። ፍንዳታን ትርኢት አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት ከሙያው ጋር የማይሄድ ነገር መሆኑን በግልጽ መናገር እወዳለሁ።

ከፍንዳታው በኋላ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ከበፊቱ ይበልጣል እንጂ አያንስም። በአሜሪካ የማዕድን ደኅንነት ደንብ ለምሳሌ ያልፈነዳ መኖሩ ሲጠረጠር፣ በፊውዝ ከተሠራ 30 ደቂቃ፣ በተለመዱት የኤሌክትሪክና የቱቦ ዴቶኔተሮች ከሆነ 15 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ቦታው መግባት አይቻልም፤ የሚሠሩበትን አገር ደንብና የአምራቹን መመሪያ በልብዎ ይያዙ። ጭሱንም ያስተውሉ። ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ ቡናማ ደመና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ይህን የተነፈሰ ሰው ለጊዜው ደኅና ሆኖ ከሰዓታት በኋላ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል «ምንም አልሆንኩም» ቢልም ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተለይ በዋሻ ውስጥ አየሩ ተነፍቶ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም አይገባም።

መጀመሪያ ገብቶ የሚፈትሸው ኃላፊው ባለሙያ ነው። ከክምሩ ውስጥ ሽቦ ወይም ቱቦ፣ ያልተነሣ አለት፣ የፈንጂ ቅሪት ካየ ቦታው ተከልሎ ይጠበቃል፤ የከሸፈውን የሚያስወግደው ፈቃዱና ሥልጠናው ያለው ሰው ብቻ ነው። ረዳት ሆነው እንዲህ ያለ ነገር ቢያዩ አይንኩ፣ አይጎትቱ፣ ቦታውን ለይተው ያሳውቁ። ካለፈው ፍንዳታ በቀረ የቀዳዳ ግርጌ ላይ ድሪል ማስገባት የብዙ ቆፋሪዎችን ሕይወት የቀጠፈ ድርጊት ነው፤ ቀዳዳው ባዶ ቢመስልም አይደረግም።

ስለ ጎረቤትም ማሰብ የሥራው አካል ነው። ሰው የሚሰማው ንዝረት ግድግዳ ከሚሰነጥቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ ቤቱ የተነቃነቀበት ሰው ቢደነግጥ ሊፈረድበት አይገባም። ከሥራው በፊት በአቅራቢያው ያሉትን ቤቶች ከባለቤቶቹ ጋር ዞሮ ነባሮቹን ስንጥቆች ፎቶ ማንሣት፣ በየፍንዳታው ንዝረቱን በሰከንድ በሚሊ ሜትር እየለኩ ማስቀመጥ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ነው።

ሕንፃ ማፍረስ ከካባ ሥራ ቀጥሎ የሚመጣ እንጂ የሚጀመርበት አይደለም። በካባ ዛሬ የተማሩት ለነገው ፍንዳታ ይጠቅማል፤ እያንዳንዱ ሕንፃ ግን አንዴ ብቻ የሚፈርስ ሲሆን የቆየው ንድፍም በኋላ የተጨመረውን ብረትና ግድግዳ ላያሳይ ይችላል። መዋቅሩን የሚያሰላ መሐንዲስ፣ የተቋረጠ ጋዝና መብራት፣ የተወገደ አስቤስቶስ ሳይኖር ሥራው አይጀመርም።

ሥራ ሲፈልጉ ከደመወዙ በፊት ሦስት ነገር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የመጋዘኑን መዝገብ፣ ያለፉትን ፍንዳታዎች ሪፖርት፣ በእርሱም ውስጥ የከሸፉት እንዴት እንደተመዘገቡ። ለዓመታት አንድም ክሽፈት ያልተጻፈበት መዝገብ የሚያሳይዎት ድርጅት ካጋጠመዎት ሌላ ቦታ ያመልክቱ።